ፖርቱ መልስ ሲያጣ፦ 802.1ኤክስን በስዊች ላይ ስለማዋቀር

በምሠራበት መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው የመሰብሰቢያ ክፍል፣ ከረጅሙ ጠረጴዛ ሥር፣ ግድግዳው ላይ የተገጠሙ አራት የኔትወርክ ሶኬቶች አሉ። ለስብሰባ የመጣ ማንኛውም እንግዳ ላፕቶፑን አውጥቶ ከአንዱ ጋር ሲያገናኝ፣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተሮች ከሚጠቀሙበት የአድራሻ ክልል የራሱን አይፒ ያገኝ ነበር። ሕንፃው መግቢያ ላይ ጥበቃዎቹ ቦርሳ ይፈትሻሉ፣ መታወቂያ ተቀብለው የእንግዳ ባጅ ይሰጣሉ፤ ሶኬቱ ግን ማንንም ምንም አይጠይቅም ነበር። ይህን ቀዳዳ ለመዝጋት በሁሉም ፎቆች ባሉ ስዊቾች (ሶኬቶቹን ከኔትወርኩ ጋር የሚያገናኙ መሣሪያዎች) ላይ፣ ማንነቱ ያልተረጋገጠ መሣሪያ እንዳይገባ የሚያደርገውን 802.1ኤክስን አዋቅረናል። ሥራው ከታሰበው በላይ ብዙ ወራት ስለወሰደ፣ በሂደቱ ያየሁትን በዝርዝር ማስፈሩ ተመሳሳይ ሥራ ለሚጀምሩ የኔትወርክ ባለሙያዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የትእዛዞቹ ዝርዝር ረጅም አይደለም፤ ለአንድ ፖርት (ኬብል ለሚሰካበት የስዊቹ ቀዳዳ) የሚያስፈልገው ከአሥር መስመር ብዙም አይበልጥም፣ በየአምራቹ መመሪያ ውስጥም ተጽፎ ይገኛል። ከባዱ ሥራ ፖርቱ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መወሰን ነው። የተሰካው መሣሪያ ዝም ሊል ይችላል፤ ማንነትን የሚያረጋግጠው ሰርቨር ዝም ሊል ይችላል፤ በመካከል ያለው መስመርም መልሱን አስቀርቶ ሁለቱንም ዝም ያሉ ሊያስመስላቸው ይችላል። እኛን ለወራት ያደከሙን ችግሮች ሁሉ ማለት ይቻላል ከእነዚህ ከአንዱ የመነጩ ነበሩ።

802.1ኤክስ የኢንጂነሮች ማኅበሩ አይ ትሪፕል ኢ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣውና በ2004፣ በ2010 እና በ2020 ያሻሻለው ስታንዳርድ ነው። በአሠራሩ ሦስት ወገኖች ይሳተፋሉ፦ ለመግባት የሚጠይቀው ኮምፒውተር ሰፕሊካንት ይባላል፣ በሩን የያዘው ስዊች ኦተንቲኬተር ይባላል፣ ማንነትን መርምሮ የሚወስነው ደግሞ የማረጋገጫ ሰርቨሩ ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የራዲየስ ሰርቨር ነው። ስዊቹን በር ላይ እንደቆመ ጥበቃ አድርጎ ማሰብ ነገሩን ያቀልላል። ጥበቃው እንግዳውን ማን እንደሆነ ይጠይቀዋል፣ እንግዳው የሰጠውን የታሸገ ደብዳቤ ሳይከፍት ወደ ላይኛው ቢሮ ይልካል፣ ከቢሮው የመጣውንም እንዲሁ ሳይከፍት ለእንግዳው ያደርሳል፤ ምልልሱ ሲያበቃ «ይግባ» ወይም «አይግባ» የሚለውን ቃል ብቻ ለራሱ ይቀበላል። ስዊቹ የይለፍ ቃሉን አያይም፣ ሰርተፍኬቱንም አይመረምርም፤ ስለዚህ የማረጋገጫ ዘዴውን ነገ ብንለውጥ በስዊቹ ላይ የምንነካው ነገር አይኖርም።

ከኮምፒውተሩ እስከ ስዊቹ መልእክቱ የሚጓዘው ያለ አይፒ አድራሻ፣ በቀጥታ በኢተርኔት ፍሬም ውስጥ ሲሆን መልእክቱ ራሱ ኢኤፒ፣ ይህ አጓጓዙ ደግሞ ኢኤፖል ይባላል። ከስዊቹ እስከ ሰርቨሩ ግን ያው መልእክት በራዲየስ ፓኬት ተጠቅልሎ በዩዲፒ ፖርት 1812 ይሄዳል፤ የአጠቃቀም መዝገቡ ደግሞ በ1813። የቆዩ መሣሪያዎች 1645 እና 1646ን ስለሚጠቀሙ፣ ስዊቹና ሰርቨሩ በአንድ ቁጥር መስማማታቸውን ማየት ያስፈልጋል።

ስዊቾቻችን የሲስኮ ካታሊስት በመሆናቸው ትእዛዞቹን በዚያው ስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ በሌሎች አምራቾች ስዊቾች ላይ ቃላቱ ቢለዩም ሐሳቡ ያው ነው። ሁሉም የሚጀምረው «ኤኤኤ ኒው-ሞዴል» ከሚለው መስመር ነው፤ ይህ መስመር ደግሞ ኤንተር እንደተመታ ወዲያውኑ ሥራ ላይ ይውላል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ በርቀት ወደ ስዊቹ የሚገባ ሰው በስዊቹ ውስጥ የተመዘገበ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ ቀድሞ በመስመሩ የጋራ የይለፍ ቃል ብቻ ሲገባበት በነበረ ስዊች ላይ ምንም ተጠቃሚ ካልተመዘገበ በሩ በባለቤቱ ላይ ይዘጋል። ይህ በእኔ ላይ ደርሷል። አንድ ምሽት ከቤት ሆኜ የሁለተኛውን ፎቅ ስዊች ሳዋቅር ግንኙነቱ ተቋረጠ፤ ዳግመኛ ልገባ ስሞክር ስዊቹ እኔ ፈጽሞ ያልፈጠርኩትን የተጠቃሚ ስም ጠየቀኝ። ትእዛዙ የኮንሶሉን መስመር (ስዊቹ ላይ በቀጥታ በኬብል የሚገባበትን) ስለማይነካ፣ የኮንሶል ኬብል ይዤ በሌሊት ወደ መሥሪያ ቤት ተመልሼ ነው ያስተካከልኩት። ከዚያ ወዲህ በማንኛውም ስዊች ላይ ከሁሉ አስቀድሜ የአካባቢ ተጠቃሚ እፈጥራለሁ፣ ሁለተኛ መስኮት ከፍቼ በአዲሱ ስም መግባቴን እስካረጋግጥ ድረስም የመጀመሪያውን ግንኙነት አልዘጋም።

ቀጥሎ የራዲየስ ሰርቨሩ አድራሻና ሁለቱ የሚጋሩት ምስጢራዊ ቃል ይመዘገባል። እኛ የምንጠቀመው ፍሪራዲየስ የተባለውን የራዲየስ ሶፍትዌር ነው። በዚህ ደረጃ ያጋጠመን የመጀመሪያው ዝምታ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፦ ስዊቹ ጥያቄ ይልካል፣ አምስት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይልካል፣ በመጨረሻ ሰርቨሩ ሞቷል ብሎ ይመዘግባል፤ በዚያው ሰዓት ግን ሌሎቹ ፎቆች ከዚሁ ሰርቨር መልስ እያገኙ ነበር። ሰርቨሩን ዝርዝር በሚያሳየው ሁኔታ አስነስተን ስንመለከት፣ ከማይታወቅ ደንበኛ የመጣ ጥያቄ መተዉን የሚገልጽ መስመር በየአምስት ሰከንዱ ይወጣ ነበር። የአራተኛው ፎቅ ስዊች በርካታ አይፒ አድራሻዎች ስላሉት ጥያቄውን የላከው እኛ ሰርቨሩ ላይ ካስመዘገብነው አድራሻ ሳይሆን ከሌላኛው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የራዲየስ ሰነድ፣ ምስጢራዊ ቃል ከማይጋራ ደንበኛ የመጣ ጥያቄ ያለ ምንም መልስ እንዲጣል ያዛል፤ ከደኅንነት አንጻር ትክክል ነው፣ ችግር ለሚፈልግ ባለሙያ ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ስዊቹ ላይ ሆኖ ሲታይ የተሳሳተ አድራሻና የጠፋ ሰርቨር አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። «አይፒ ራዲየስ ሶርስ-ኢንተርፌስ» የሚለው አንድ መስመር ስዊቹ ሁልጊዜ ከአንድ አድራሻ እንዲልክ ስለሚያስገድደው ጉዳዩ በዚያ ተዘጋ።

ለመላው ስዊች የሚሰጡት ሌሎቹ ትእዛዞች ሦስት ናቸው። «ኤኤኤ ኦተንቲኬሽን ዶት1ኤክስ ዲፎልት ግሩፕ ራዲየስ» ማንነት በራዲየስ እንዲረጋገጥ ያደርጋል፤ «ኤኤኤ ኦተራይዜሽን ኔትወርክ ዲፎልት ግሩፕ ራዲየስ» ሰርቨሩ የሚልከውን ቪላን (በዚያው ስዊች ላይ ተለይቶ የተከፈለ ንዑስ ኔትወርክ) ስዊቹ እንዲቀበል ያደርጋል፤ «ዶት1ኤክስ ሲስተም-ኦዝ-ኮንትሮል» ደግሞ አሠራሩን በጠቅላላው ያበራል። ሁለተኛው ሲረሳ ማረጋገጡ ተሳክቶ ቪላኑ አይቀየርም፤ ሦስተኛው ሲረሳ በፖርቶቹ ላይ የተጻፈው የ802.1ኤክስ ቅንብር እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። በፖርቱ ላይ ደግሞ «ስዊችፖርት ሞድ አክሰስ»፣ «ኦተንቲኬሽን ፖርት-ኮንትሮል አውቶ»፣ «ዶት1ኤክስ ፒኤኢ ኦተንቲኬተር»፣ «ኤምኤቢ» (ትርጉሙ ከታች ይመጣል) እና «ስፓኒንግ-ትሪ ፖርትፋስት» ይጻፋሉ። ሰርቨሩ ቪላን ለመመደብ በራዲየስ ውስጥ በቁጥራቸው የሚጠሩ ሦስት መረጃዎችን አብሮ መላክ አለበት፦ 64ኛው በ13፣ 65ኛው በ6፣ 81ኛው ደግሞ በቪላኑ ቁጥር ወይም ስም ይሞላሉ። እኔ ስሙን እመርጣለሁ፤ የሒሳብ ክፍሉ ቪላን በዋናው መሥሪያ ቤትና በቅርንጫፉ የተለያየ ቁጥር ቢኖረውም ስሙ አንድ እስከሆነ ድረስ በሰርቨሩ ላይ አንድ ደንብ ይበቃል። ስሙ ግን በሁሉም ስዊቾች ላይ ፊደል ሳይለወጥ አንድ ዓይነት መጻፍ አለበት።

ይህን ሁሉ ጽፎ ፖርቶቹን ወዲያውኑ መዝጋት ትልቅ ስህተት ነው። እያንዳንዱ ፖርት ላይ ምን እንደተሰካ እናውቃለን ብለን ነበር፤ የፓች ፓነሉ ላይ ያሉት ምልክቶች ግን ከዓመታት በፊት የተለጠፉ ነበሩ፣ ክፍሎች ተዛውረዋል፣ ሠራተኞች ፎቅ ቀይረዋል። ስለዚህ በቅድሚያ በሁሉም ፖርቶች ላይ «ኦተንቲኬሽን ኦፕን» የሚለውን ጨመርን። ይህ ሁኔታ ማረጋገጡን እያካሄደ፣ ውጤቱ ቢሳካም ባይሳካም ግንኙነቱን አይከለክልም፤ ስለዚህ ማንም ሠራተኛ ሳይጉላላ ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚወድቅ በሰርቨሩ መዝገብ ላይ ይታያል። ጥንቃቄ የሚሻ አንድ ነገር አለ፦ ሰርቨሩ በዚህ ጊዜ የቪላን ምደባ ከላከ ስዊቹ ምደባውን ይፈጽመዋል፣ ስለዚህ ክፍት ሁኔታው እስኪያበቃ ድረስ ሰርቨሩ ቪላን እንዳይልክ ማድረግ ይገባል። በዚህ ሁኔታ ለስድስት ሳምንታት ቆየን፤ በየማለዳው የወደቁትን የማክ አድራሻዎች (የየመሣሪያውን የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥሮች) ይዤ ፎቅ ለፎቅ እየዞርኩ የእያንዳንዳቸውን ባለቤት ፈለግኩ። በዚህ ዙረት ካገኘኋቸው መካከል የሊፍቱ መቆጣጠሪያ፣ ማንም የማያስታውሰው የደኅንነት ካሜራ መቅረጫ፣ ከአንድ ቁም ሣጥን ጀርባ የተደበቀ የዋይፋይ ራውተርና በየጠረጴዛው ሥር የተቀመጡ አምስትና ስምንት ፖርት ያላቸው ትንንሽ ስዊቾች ይገኙበታል። ከጠቅላላው ሥራ ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ እንድደግም ብጠየቅ ይህን ዙረት እደግማለሁ፤ ኔትወርኩን በትክክል ያወቅሁት ያኔ ነው።

ትንንሾቹን ስዊቾች አስወግደናል። ምክንያቱም ኢኤፖል የሚላክበት ልዩ የቡድን አድራሻ በስዊቾች መካከል እንዳይተላለፍ በስታንዳርዱ የተከለከለ ነው፤ አንዳንዶቹ ርካሽ ስዊቾች ክልከላውን ሳይጠብቁ ያስተላልፉታል፣ ሌሎቹ ይጥሉታል፣ ስለዚህ በአንዱ ክፍል የሚሠራው በሌላው አይሠራም ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ስዊች መቅረት ካልቻለ፣ ፖርቱን «መልቲ-ኦዝ» በሚባለው ሁኔታ አድርጎ እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ መጠየቅ ይቻላል፤ «መልቲ-ሆስት» የሚባለውን ግን አልመክርም፣ አንዱ ከተረጋገጠ ሌሎቹ ሁሉ ሳይጠየቁ ያልፋሉና።

ወደ ዝም ባይ መሣሪያዎች ልመለስ። ፕሪንተሮቻችን አብዛኞቹ ኢኤፖል አያውቁም። ስዊቹ «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልስ ሲያጣ 30 ሰከንድ ቆይቶ ይደግማል፣ ሁለት ጊዜ ከደገመ በኋላ ተስፋ ቆርጦ በማክ አድራሻ ወደ ማረጋገጥ ያልፋል፤ ይህም ኤምኤቢ የሚባለው ነው። በአምራቹ መነሻ ቅንብር ሦስቱ ጥያቄዎች በድምሩ 90 ሰከንድ ይወስዳሉ። ብዙ መሣሪያዎች ግን አይፒ አድራሻ ለማግኘት ይህን ያህል አይታገሡም። የሰው ኃይል ክፍሉ ፕሪንተር ጠዋት ሲበራ በትንሿ ስክሪኑ ላይ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይታይ ነበር፤ ይህ መሣሪያው አድራሻ የሚሰጠው አጥቶ ለራሱ የመደበው ቁጥር ነው። ፖርቱ ከደቂቃ ተኩል በኋላ ቢከፈትም ፕሪንተሩ እንደገና ሳይጠይቅ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ሠራተኛዋም ኬብሉን ነቅላ ስትሰካው የመጠበቂያው ጊዜ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። «ዶት1ኤክስ ታይምአውት ቲኤክስ-ፒሪየድ» የሚለውን ወደ 10 ስናወርደው ጠቅላላ የመጠበቂያው ጊዜ 30 ሰከንድ ሆነና ችግሩ ቆመ። ከዚያ በታች ዝቅ ማድረግን አልወደድኩትም፤ ቀስ ብለው የሚነሡ ያረጁ ኮምፒውተሮች መልስ ለመስጠት ሳይደርሱ ስዊቹ ወደ ማክ አድራሻ ያልፍባቸዋል።

ከፕሪንተሮቹ ይልቅ ያስቸገረን የሠራተኞች መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚመዘግበው የጣት አሻራ መሣሪያ ነው። ፕሪንተር ቢያንስ ሲበራ አድራሻ ይጠይቃል፤ ይህ መሣሪያ ግን አይፒው በእጅ የተሞላለት በመሆኑ ምንም አይጠይቅም፣ የሰው ኃይል ሰርቨሩ መጥቶ መዝገቡን እስኪወስድ ድረስ አንዲት ፓኬት ሳይልክ ይቀመጣል። ኤምኤቢ እንዲሠራ ደግሞ ስዊቹ የመሣሪያውን ማክ አድራሻ ከመጣ ፓኬት ላይ ማንበብ አለበት። ሰርቨሩ መሣሪያውን ይጠራል፣ ፖርቱ ዝግ ስለሆነ ጥሪው አይደርስም፤ መሣሪያው ጥሪው ስለማይደርሰው አይመልስም፤ ስለማይመልስ ፖርቱ አይከፈትም። በመዝገቡ ላይ የወደቀ ማረጋገጫ እንኳን አልነበረም፤ ምንም አልነበረም። መፍትሔው «ኦተንቲኬሽን ኮንትሮል-ዳይሬክሽን ኢን» የሚል ትእዛዝ ሆኖ ተገኘ። ይህ ትእዛዝ ከመሣሪያው የሚመጣውን ብቻ ከልክሎ ወደ መሣሪያው የሚሄደውን ያሳልፋል፤ ስለዚህ የሰርቨሩ ጥሪ ይደርሳል፣ መሣሪያው ይመልሳል፣ መልሱ የመጀመሪያዋ ፓኬት ትሆናለች፣ ስዊቹም ማኩን አንብቦ ወደ ራዲየስ ይልካል። ለዚህ ግን ፖርቱ ከመነሻው በትክክለኛው ቪላን ውስጥ በእጅ መመደብ አለበት፤ ካልሆነ ጥሪው በሌላ ቪላን ቀርቶ ዝምታው ይቀጥላል።

ማክ አድራሻ ምስጢር አይደለም፤ በፕሪንተሩ ጀርባ ተለጥፎ ይነበባል፣ ማንም ሰው በላፕቶፑ ላይ ሊገለብጠውም ይችላል። ስለዚህ በኤምኤቢ የሚገቡትን ሁሉ ለብቻቸው በተለየ ቪላን አስቀምጠን፣ ፕሪንተሮቹ ከኅትመት ሰርቨሩ፣ የአሻራ መሣሪያው ከሰው ኃይል ሰርቨሩ በስተቀር ከማንም ጋር እንዳይገናኙ አድርገናል። ስዊቹ የማክ አድራሻውን እንደ ተጠቃሚ ስምም እንደ የይለፍ ቃልም አድርጎ ስለሚልከው፣ እነዚህን አድራሻዎች በአክቲቭ ዳይሬክተሪ (የተጠቃሚዎች ስምና የይለፍ ቃል በሚያዝበት የማይክሮሶፍት ማውጫ) ውስጥ እንደ ተጠቃሚ መመዝገብን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የይለፍ ቃል ጥንካሬ ደንቡን ያስላላል፣ ከዚያም አልፎ ፕሪንተር በነበረ ስም ሌላ ቦታ መግባት ያስችላል። እኛ በፍሪራዲየስ ውስጥ በተለየ ፋይል ነው የያዝናቸው፤ ያም ደንብ የሚሠራው የጥያቄው ዓይነት 10፣ ማለትም የኤምኤቢ ጥያቄ መሆኑ ሲገለጽ ብቻ ነው።

የአይፒ ስልኮቹ ብዙም አላስቸገሩንም። «መልቲ-ዶሜን» በሚባለው ሁኔታ አንድ ስልክና ከስልኩ ጀርባ አንድ ኮምፒውተር ለየብቻ ይረጋገጣሉ።

በኮምፒውተሮቹ በኩል መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ በዊንዶውስ ላይ ዋየርድ ኦቶኮንፊግ የሚባለው አገልግሎት ከመነሻው የማይሠራ መሆኑ ነው። አገልግሎቱ ካልተነሣ በኔትወርክ ካርዱ ገጽ ላይ የማረጋገጫው ክፍል እንኳን አይታይም፤ ኮምፒውተሩም እንደ ፕሪንተር ዝም ይላል። ቅንብርን ከማዕከል ወደ ኮምፒውተሮቹ በሚልከው ግሩፕ ፖሊሲ ለሁሉም ማስነሣት ይቻላል፤ ፖሊሲው ግን ፖርቱ ከመዘጋቱ በፊት መድረስ አለበት። ዘዴውን በተመለከተ፣ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠቀመው ፒኢኤፒ ለመጀመር ቀላል ቢሆንም እኛ ሁሉንም በሰርተፍኬት ወደሚሠራው ኢኤፒ-ቲኤልኤስ አዛውረናል። በፒኢኤፒ ውስጥ የይለፍ ቃሉን ለማረጋገጥ የሚሠራበት ኤምኤስ-ቻፕ ሁለተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2012 ዲኢኤስ በተባለው አሮጌ ምስጠራ አንድ ቁልፍ ፍለጋ ሊሰበር እንደሚችል በይፋ ታይቷል፤ ሠራተኛው ማንነቱ ያልተረጋገጠ ሰርቨር ሲመጣበት «ተቀበል» የሚለውን ከተጫነ ጥበቃው ሁሉ በዚያ ያበቃል። ከዚህም በላይ ከዊንዶውስ 11 22ኤች2 ጀምሮ በኢንተርፕራይዝ እትም ላይ የመግቢያ መረጃን የሚጠብቀው ክሬደንሻል ጋርድ ከመነሻው ስለሚበራ፣ ሠራተኛው ኮምፒውተሩን በከፈተበት የይለፍ ቃል በቀጥታ መግባት አይሠራም።

ሰርተፍኬት የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል፤ እሱም ሰዓት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ የማዘርቦርድ ባትሪያቸው ያለቀ አሮጌ ኮምፒውተሮች ቀናቸው ከዓመታት ወደ ኋላ ተመልሶ ይነሣሉ። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር የሰርቨሩን ሰርተፍኬት ሲያይ ገና ያልጸና መስሎ ስለሚታየው ይጥለዋል፤ ሰዓቱን ለማስተካከል ደግሞ ኔትወርክ ያስፈልገዋል፣ ኔትወርኩ ግን ሰዓቱ ካልተስተካከለ አይከፈትለትም። ማረጋገጫቸው የወደቀውን ወደ አንድ ጠባብ ቪላን እንዲገቡ አድርገን በዚያ ውስጥ የሰዓት ሰርቨሩን ብቻ አስቀመጥን፤ ባትሪዎቹንም በአንድ ቅዳሜ ዞረን ቀየርናቸው።

መብራት የሚያመጣው ትልቁ ጉዳይ ግን የሰርቨሩ ዝምታ ነው። ኃይል ሲመለስ ኮምፒውተሮቹና ስዊቾቹ አስቀድመው ይነሣሉ፣ ራዲየስ የሚኖርበት ቨርቹዋል ሰርቨር ግን ከእነርሱ በኋላ ነው የሚደርሰው። በዚያ መካከል ምንም ካልተወሰነ ፖርቶቹ ሁሉ ዝግ ሆነው ይቆያሉ። ስዊቹ «ራዲየስ-ሰርቨር ዴድ-ክራይቲሪያ ታይም 5 ትራይስ 3» በሚለው መሠረት ሰርቨሩ መሞቱን ቶሎ እንዲያውቅ፣ «ኦተንቲኬሽን ኢቨንት ሰርቨር ዴድ አክሽን ኦተራይዝ ቪላን» በሚለው ደግሞ ሰርቨር በሌለበት ጊዜ የሚገባበትን ቪላን እንዲይዝ አድርገናል። ስልኮቹ በዚያ ሰዓት እንዲሠሩ የድምፁን ለብቻው መጻፍ ያስፈልጋል። «ዶት1ኤክስ ክሪቲካል ኢኤፖል» የሚለውን መርሳት አይገባም፤ እሱ ከሌለ ፖርቱ ቢከፈትም ኮምፒውተሩ የስኬት መልእክት ስላልደረሰው መጠበቁን ይቀጥላል። ሰርቨሩ ሲመለስ ሁሉም እንደገና እንዲጠየቁ የሚያደርገው «ኦተንቲኬሽን ኢቨንት ሰርቨር አላይቭ አክሽን ሪኢኒሺያላይዝ» ነው። ይህ ቪላን ምን ያህል ሰፊ ይሁን የሚለው ግን የኔትወርክ ባለሙያው ብቻውን የሚወስነው አይደለም። ሰፊ ከሆነ ሰርቨሩን ዝም ማሰኘት የቻለ ሰው ያለ ማረጋገጫ ገባ ማለት ነው፤ ጠባብ ከሆነ ሥራ ይቆማል። እኛ ጉዳዩን ለሥራ አመራሩ አቅርበን፣ ኢንተርኔትና ኢሜይል ይፈቀድ፣ የሒሳብ ሥርዓቱ ግን ይቅር የሚል ውሳኔ በጽሑፍ ተቀብለናል። ከዚያም ሁለተኛ የራዲየስ ሰርቨር በተለየ ዩፒኤስ ላይ በሌላ ራክ አስቀመጥን።

በቅርንጫፋችን ደግሞ ዝምታው በመካከል ነበር። ቅርንጫፉ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር በቪፒኤን ይገናኛል፤ ኤምኤቢ ያለ እንከን ይሠራል፣ በሰርተፍኬት የሚገባ ኮምፒውተር ግን አንድም አያልፍም። የሰርቨሩ መዝገብ ምልልሱ እንደተጀመረና መካከል ላይ እንደቆመ ያሳያል፤ እምቢታም ስኬትም የለም። በሁለቱም ጫፍ ፓኬቶቹን ይዘን ስናነጻጽር፣ ሰርተፍኬት የያዙት ትልልቆቹ ብቻ እንደጠፉ አየን። ከ1500 ባይት ያለፈ ፓኬት በመንገድ ላይ ይከፋፈላል፣ በመካከል ያለው ፋየርዎል ደግሞ የተከፋፈሉትን ይጥል ነበር። ሰርቨሩ የሚልካቸውን ቁርጥራጮች መጠን ቀነስን፤ ይህ ግን የሚገዛው ከሰርቨሩ የሚወጣውን ብቻ ስለሆነ፣ ከቅርንጫፉ ለሚመጣው በፋየርዎሉ ላይ በሁለቱ አድራሻዎች መካከል ያሉ የተከፋፈሉ ፓኬቶች እንዲያልፉ ፈቀድን።

የዚህ ጥበቃ ድንበርም መታወቅ አለበት። 802.1ኤክስ በራሱ የሚጠይቀው በር ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ፍሬም አያረጋግጥም። በተረጋገጠ ኮምፒውተርና በስዊቹ መካከል ትንሽ መሣሪያ አስገብቶ የኮምፒውተሩን ማክ የሚጠቀም ሰው ከኋላው ተከትሎ ሊገባ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ማሻሻያ በኬብሉ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ፍሬም የሚጠብቀውን የማክሴክን ቁልፎች የሚያስማማ አሠራር የጨመረው ለዚህ ነው፤ ያ ግን ሁለቱም ወገኖች እንዲደግፉት ይጠይቃል፣ እኛ ገና አልደረስንበትም። በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ብላስትራዲየስ የተባለው ጥቃት ደግሞ፣ በስዊቹና በሰርቨሩ መካከል የተቀመጠ ሰው ራዲየስ የሚጠቀምበትን ኤምዲ5 የተባለ አሮጌ የማረጋገጫ ስሌት ድክመት ተጠቅሞ እምቢታውን ወደ ፈቃድ ሊለውጥ እንደሚችል አሳይቷል። የኢኤፒ ምልልስ የመልእክት ማረጋገጫ ፊርማ ግዴታ ስለሆነበት አይነካም፤ ኤምኤቢ ግን በተለመደው አሠራሩ ኢኤፒን ስለማይጠቀም ፊርማው ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ሰርቨሩ ያለ ፊርማ የመጣን ጥያቄ እንዳይቀበል፣ ስዊቾቹም ያለ ፊርማ የመጣን መልስ እንዳያምኑ ለማድረግ ሶፍትዌራቸውን አንድ በአንድ እያሳደግን ነው።

ይህን ስጽፍ «ኦተንቲኬሽን ኦፕን» ገና ያልተነሣባቸው ፖርቶች ሁለት ናቸው። አንዱ የሊፍቱ መቆጣጠሪያ ነው፤ የጥገና ባለሙያው መጥቶ የመሣሪያውን አይፒ እስኪቀይር ድረስ በሌላ ቪላን ማስገባት አልተቻለም። ሌላው የካሜራ መቅረጫው ሲሆን፣ በየትኛው ካሜራ ላይ ምን እንደተያያዘ ለማወቅ በመጪው ሳምንት ጣሪያ ላይ ወጥተን ኬብሎቹን እንከተላለን።